የታሰረው ሰው ሕመምተኛ ሲሆን፦ በጤና ምክንያት ዋስትና እንዴት ይጠየቃል?

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚደወለው ማታ ነው። «ወንድሜን ወሰዱት። ስኳር አለበት። መድኃኒቱን ቤት ትቶት ነው የሄደው።» ይህ ጽሑፍ እንዲህ ብላችሁ ለምትደውሉ ነው። የታመመ ሰው ታስሮባችሁ፣ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ያልተወሰነ፣ ምን ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ።

ሥራዬ ወንጀል ችሎት መቆም ነው። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዳኛ «ታሟል» ስለተባለ ብቻ ዋስትና አይፈቅድም። ማሳየት ያለባችሁ ሕመሙ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሕመም እዚያ እስር ቤት ውስጥ ሊታከም የማይችል መሆኑን ነው። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይናገራል። ፍርድ ቤት ሊከለክል የሚችለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። ዝርዝሩ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 63 ጀምሮ ይገኛል።

ሕመም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ የዋስትና ምክንያት ሆኖ አልተጻፈም። የሕንድ ሕግ ለምሳሌ ክሱ ከባድ ቢሆንም የታመመን ወይም አቅመ ደካማ ሰውን ፍርድ ቤቱ በዋስ ሊለቅ እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። የእኛ እንዲህ አይልም። መባል ነበረበት ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ባለው ሕግ ነው የምንከራከረው።

ስለዚህ መጀመሪያ የክሱን አንቀጽ እወቁ። አንቀጽ 63 በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀልን፣ እንዲሁም ተጎጂው ይሞታል ተብሎ የሚያሰጋበትን ሁኔታ ያነሳል። ሁለቱ እንዴት ተያይዘው ይነበባሉ የሚለው በችሎት የሚያከራክር ነጥብ ነው፤ ጠበቃ ያስፈልገዋል። በሙስና ክስ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 434/1997 አለ። ክሱ ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ዋስትና ይከለክላል።

ክሱ ዋስትና የሚያስከለክል ካልሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው አንቀጽ 67ን ይሆናል። ግዴታውን አክብሮ ይቀርባል ወይ? ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ? ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ወይ? ሕመሙ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ክሱ ዋስትና የሚያስከለክል ከሆነም ማንበባችሁን አታቁሙ። ወደ ታች ለእናንተም የሚሆን አለ።

አንድ፦ የዛሬው ሥራ መድኃኒቱ ነው

ከማመልከቻ በፊት ሰውየው መድኃኒቱን ማግኘት አለበት። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ ከነሐኪሙ ማዘዣ ይዛችሁ ሂዱ። ፍሬውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ብትወስዱ ፖሊስ የማያውቀውን ክኒን አላስገባም ቢል ልትፈርዱበት አትችሉም።

የስኳርን ነገር በምሳሌ ላሳያችሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ጣቢያው ፍሪጅ አለው? መርፌ ይገባል? ማን ይወጋዋል? ከተወጋ በኋላ ምግቡ በሰዓቱ ይደርሳል? ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ የዘገየበት ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስንቅ የሚገባው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መርፌ የሚወስድ ሰው ምን ሊሆን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ጻፏቸው። ነገ ማመልከቻችሁ የሚሠራው ከእነሱ ነው።

ለዚህ አንድ ደብተር ግዙ። ስንቅ ስታቀብሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዳችሁ፣ ተቀበሏችሁ ወይስ መለሷችሁ የሚለውን መዝግቡ። የታሰረው ሰው «ዛሬ ራሴን ስቼ ወድቄ ነበር» ካላችሁ ያንንም። ከወር በኋላ «በተደጋጋሚ ተከልክለናል» ከማለት ይልቅ ቀን ጠቅሶ መናገር ሌላ ክብደት አለው።

ሁለት፦ መጀመሪያ በቀረበበት ቀን ይናገር

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወደ ፍርድ ቤቱ ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ብዙ ሰው እዚያ ሲቀርብ ይደነግጣል፣ ስለ ሕመሙ ሳይናገር ይወጣል። አስቀድማችሁ ምከሩት። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። መድኃኒቴን ካቋረጥኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ሕክምና እንዳገኝ ትዕዛዝ ይሰጥልኝ፤ ይህም በመዝገቡ ላይ ይስፈርልኝ።»

«ይስፈርልኝ» የሚለውን አይርሳ። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል፤ ይህ የጊዜ ቀጠሮ ይባላል። በአንድ ጊዜ ሊፈቀድለት የሚችለው ቢበዛ 14 ቀን ነው። በእያንዳንዱ የጊዜ ቀጠሮ ላይ ስለ ጤናው ደግማችሁ አንሱ።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘለው ነገር እዚህ አለ። ዋስትና ከመጠየቃችሁ በፊት ወይም አብራችሁ የሕክምና ትዕዛዝ ጠይቁ። ትዕዛዙ ከተፈጸመ ሰውየው ታከመ፤ የሐኪም ማስረጃም ተገኘ። ካልተፈጸመ ደግሞ በቀጣዩ ቀጠሮ «ፍርድ ቤቱ በዚህ ቀን አዞ ነበር፣ አልተፈጸመም» ትላላችሁ። ትዕዛዝ ተሰጥቶ ያልታከመ ሰው የሚያቀርበው የዋስትና ጥያቄ ጠንካራ ነው። የትዕዛዙን ግልባጭ ከሬጅስትራር፣ ማለትም ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል ውሰዱ።

ሦስት፦ የሐኪም ማስረጃ

የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ሁለት ዓይነት ወረቀት ሰብስቡ። የመጀመሪያው ከመታሰሩ በፊት የነበረ ነው፦ የሆስፒታል ካርድ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ራጅ፣ የቀጠሮ ካርድ፣ የቆየ የመድኃኒት ማዘዣ። ይህ ሕመሙ እስር ቤት ሲገባ የተፈጠረ ሰበብ አለመሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚገልጽ ነው፣ ከታሰረ በኋላ ያየው ሐኪም የጻፈው።

ሆስፒታሎች ለቤተሰብ እንዲሁ «ለፍርድ ቤት» ብለው መጻፍ ብዙ ጊዜ አይፈልጉም። አትጣሏቸው። ፍርድ ቤቱ ለሆስፒታሉ ትዕዛዝ እንዲጽፍ አመልክቱ። በተለይ ለከባድ ሕመም የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እንዲቀርብ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሦስት ሐኪሞች የሚፈርሙበት ነው፤ የአንድ ሐኪም ፊርማ ላይ የሚነሳውን ጥርጣሬ ይቀንሳል።

በአንድ ጉዳይ እኔ ራሴ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ደንበኛዬ የኩላሊት ሕመምተኛ ነበር። ያቀረብኩት ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦ «ታካሚው የኩላሊት ሕመም ያለበት ስለሆነ ክትትል ያስፈልገዋል።» ዳኛው አንብበው ቀና አሉና «ታዲያ እዚያው ሆኖ መከታተል አይችልም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ትክክል ነበር። ያ ሰው ሌላ ማስረጃ እስክናመጣ ድረስ ሦስት ሳምንት ታስሮ ቆየ። ሚስቱ ከችሎት ስንወጣ ምንም አላለችኝም። አሁንም ድረስ ያ ዝምታ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ወረቀት እንዲህ ነበር፦ «ታካሚው ሥር በሰደደ የኩላሊት ድክመት ምክንያት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ4 ሰዓት ያህል የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። ቀጠሮ መዝለል ለሕይወቱ አስጊ ነው። የተለየ ምግብና የተወሰነ ፈሳሽ ብቻ እንዲወስድ ታዟል። በደም ሥሩ ላይ ያለው መግቢያ እንዳይመረዝ ንጽሕናው የተጠበቀ ቦታ ያስፈልገዋል።» በሽታው ያው ነው። ዳኛው ግን አሁን የተጨናነቀውን ክፍልና ወለል ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ ማሰብ ጀመሩ።

ሐኪሙን ስትለምኑ እንዲዋሽላችሁ አትጠይቁት። የሚያውቀውን በዝርዝር እንዲጽፍ ጠይቁት። የበሽታው ስም፣ ደረጃው፣ ምን ሕክምና በስንት ቀን፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚከተል፣ ምን ዓይነት ቦታና ምግብ እንደሚያስፈልግ። ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና የተቋሙ ማህተም መኖሩን ሳታዩ ከበሩ አትውጡ። ማህተም የሌለው ወረቀት ለአንድ ቀጠሮ ያህል ያስቀጣችኋል።

የተገዛ ማስረጃ ይዞ ለሚመጣ የምለው አጭር ነው፦ አልነካውም። ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ ወንጀል ነው። ከዚያም በላይ፣ አንድ ዳኛ አንዴ ከተታለለ ቀጥሎ በእውነት የታመመው ሰው አይታመንም።

አራት፦ ማመልከቻው

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሆናል፣ አመልካቹ ይፈርምበታል፣ ምክንያቱንና ሊያቀርብ የሚችለውን የዋስትና ዓይነት ይገልጻል። ጉዳዩ ምርመራ ላይ ከሆነ ጊዜ ቀጠሮውን ለሚያየው ችሎት፣ ክስ ከተመሠረተ ክሱን ለያዘው ችሎት ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ወይም የመርማሪ ፖሊስን አስተያየት ሰምቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስናል ይላል ሕጉ። በተግባር ቀጠሮ ሲረዝም አይታችሁ ይሆናል። እንዲያ ሲሆን የሕጉን ጊዜና የሕመሙን አጣዳፊነት ጠቅሳችሁ ቀጠሮው እንዲያጥር በትህትና ጠይቁ።

ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። አካሉ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ በጤና ምክንያት የዋስትና መብቴ እንዲከበርልኝ ስለመጠየቅ

1. አመልካች ከ… ቀን ጀምሮ በ… ታስሬ እገኛለሁ። የቀረበብኝ ክስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 63 መሠረት ዋስትና የሚያስከለክል አይደለም።

2. ከ… ዓ.ም. ጀምሮ የ… ሕመምተኛ ነኝ። ከመታሰሬ በፊት የነበረው የሕክምና ማስረጃ በ… ገጽ ተያይዟል።

3. አሁን ያለሁበት ሁኔታ በ… ቀን በተጻፈው የሐኪም ማስረጃ ተገልጿል። ማስረጃው የሚያዘው ሕክምና በምገኝበት ቦታ አይሰጥም። ፍርድ ቤቱ በ… ቀን የሰጠው የሕክምና ትዕዛዝም አልተፈጸመም።

4. ቋሚ አድራሻ፣ ቤተሰብና ሥራ አለኝ። የሕክምና ክትትሌ በዚሁ ከተማ ስለሆነ ከአካባቢው የምርቅበት ምክንያት የለም።

5. ፓስፖርቴን ለማስረከብ፣ ከአገር እንዳልወጣ እግድ እንዲሰጥ፣ በየሳምንቱ ለፖሊስ ሪፖርት ለማድረግና ምስክሮችን ላለማግኘት ግዴታ እገባለሁ።

ስለዚህ አቅሜን ያገናዘበ ዋስትና ጠርቼ በውጭ ሆኜ እንድከራከር ይፈቀድልኝ። ይህ ከታለፈ በአማራጭ በ… ሆስፒታል ተኝቼ እንድታከም ይታዘዝልኝ።»

«በአማራጭ» የሚለውን የመጨረሻ መስመር አትተዉ። ዳኛው ዋስትናውን ባይፈቅዱ እንኳ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ ያደርጋል። ተራ ቁጥር 3 ላይ ደግሞ ደብተራችሁን አውጡና ቀኖቹን አስገቡ።

ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌለው ተከሳሽ የተከላካይ ጠበቆች አሉ። በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ያሉ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ማመልከቻ ይጽፋሉ። ደብተራችሁንና የሕክምና ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሥራቸውን ግማሽ ታቀሉላቸዋላችሁ።

አምስት፦ ችሎት ላይ የሚመጣውን ተቃውሞ ጠብቁ

ዐቃቤ ሕግ የሚናገረውን በቃሌ ልነግራችሁ እችላለሁ። «ማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ አለው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር (ወደ ሆስፒታል መላኪያ) ይጽፋል።» ለዚህ «የለውም» ብላችሁ አትከራከሩ። ክሊኒክ አለ። መልሳችሁ «ክሊኒኩ በሐኪሙ ማስረጃ የተጻፈውን ይህን ሕክምና ይሰጣል ወይ? ሪፈር ከተጻፈ በኋላ ሆስፒታል የደረሰው በስንት ቀን ነው?» የሚል ይሁን። መልሱን ክሊኒኩ ራሱ በጽሑፍ እንዲያቀርብ አስጠይቁ። ብዙ ጊዜ ክሊኒኩ በእውነት «ከአቅማችን በላይ ነው» ብሎ ይጽፋል። እዚያ ያሉ ነርሶችም የታመመውን ሰው በዓይናቸው የሚያዩ ናቸው።

«ማስረጃው ከግል ሆስፒታል ነው» ሲባል አትቆጡ። «በመንግሥት ሆስፒታል ይመርመርልን» በሉ። እውነተኛ ሕመም የትም ቢመረመር ያው ነው።

«ይሸሻል» ለሚለው ተቃውሞ ከቃል ይልቅ ወረቀት ይበልጣል። የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የሥራ ቦታ ደብዳቤ፣ የወደፊት የሕክምና ቀጠሮዎች።

ስድስት፦ ተፈቀደ

የዋስትናው መጠን ሲወሰን ፍርድ ቤቱ የክሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የታሳሪውንና የዋሶቹን አቅም ጭምር ማየት እንዳለበት አንቀጽ 69 ይናገራል። ለሕክምና የሚወጣው ወርሃዊ ወጪ በደረሰኝ ከቀረበ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የማይቻል ብር ተጠርቶ ሰው ውስጥ ከቀረ ዋስትናው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ዋስ የሚሆነው ሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆይ። እንደ ትዕዛዙ ጥሬ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ ወይም የደመወዝ ዋስ ሊሆን ይችላል። መታወቂያው የታደሰ ይሁን። ባለትዳር ከሆነና ንብረቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ዓርብ ከሰዓት ዋስትና ተፈቅዶ፣ መታወቂያው ጊዜው አልፎበት ሰኞን የጠበቀ ሕመምተኛ አይቻለሁ።

የመፍቻውን ትዕዛዝ ተከታተሉ። በተግባር ዐቃቤ ሕግ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግልባጭና የሐኪም ማስረጃው ኮፒ በእጃችሁ ይሁን፤ እዚያም ቀርባችሁ መልስ መስጠት ሊኖርባችሁ ነው።

ሰባት፦ ተከለከለ

ከተከለከለበት ቀን ጀምሮ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ለሚሰማው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። የይግባኝ ሰሚው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል አንቀጽ 75። 20 ቀን ብዙ አይደለም። የውሳኔውን ግልባጭ በዚያው ቀን ጠይቁ።

ይግባኙ ባይሳካም ጤናው ከተባባሰ በአዲስ ማስረጃ ጉዳዩን ለያዘው ችሎት እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ። የዋስትና ማመልከቻ በማንኛውም ጊዜ ሊቀርብ ይችላልና።

ክሱ ዋስትና የሚያስከለክል ለሆነባችሁም ቀጣዩ ይሠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያዝ፣ ሐኪሙም እንዲጎበኘው ይፈቅዳል። ስለ እስረኞች አያያዝ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦችም ያልተፈረደበት እስረኛ በቂ ምክንያት ካለውና ወጪውን መሸፈን ከቻለ በራሱ ሐኪም ሊታከም እንደሚገባ ይናገራሉ። ስለዚህ በጥበቃ ሥር ሆኖ ሆስፒታል እንዲተኛ፣ የራሱ ሐኪም ገብቶ እንዲያየው፣ የታዘዘለት ምግብ ከቤት እንዲገባ፣ የክሱ ቀጠሮ እንዲያጥር ጠይቁ። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ አቅርቡ፤ እስር ቤቶችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው።

አትዘግዩ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ራሳቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። የተፈረደባቸውም ገና በክርክር ላይ የነበረም ክስ ነበረባቸው። በ1990 ሆስፒታል ገቡ። ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ የተለቀቁት በታኅሣሥ 1991 ነው። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ውስጥ ዐረፉ፤ ከተለቀቁ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። በፖለቲካው ማንም ምንም ይበል፣ ጊዜው የሚናገረው ለሁላችንም ነው።

ስምንት፦ ከወጣ በኋላ

በዋስ የወጣ ሰው ክሱ አልተዘጋም። እያንዳንዱን ቀጠሮ ይቅረብ። በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ከተኛ፣ የመተኛቱን ማስረጃ ከችሎቱ ሰዓት በፊት ለሬጅስትራር አስገቡና ማህተም የተደረገበትን ኮፒ ያዙ። ከቀጠሮው ማግስት የሚመጣ ወረቀት ብዙ ጊዜ ዘግይቷል፤ የመያዣ ትዕዛዝ ወጥቶ፣ የዋሱ ገንዘብም ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን ታዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሕክምናው ውጭ አገር የሚያስኬድ ከሆነ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይሞከርም። የጉዞ እግዱ እንዲነሳ ራሱን የቻለ ማመልከቻ፣ ከሐኪሞች ቦርድ ማስረጃና ከመመለሻ ቀን ጋር ይቀርባል።

ሕክምናውንም ያድርግ። ለሕክምና ብሎ የወጣ ሰው ሆስፒታል ካልሄደ ዐቃቤ ሕግ ያንን ያነሳል፤ ፍርድ ቤቱም አዲስ ነገር ሲገለጥ የዋስትናውን ሁኔታ እንደገና ማየት ይችላል። እያንዳንዱን የሕክምና ደረሰኝ በዚያችው ደብተር ውስጥ አስቀምጡ። ገንዘብ ያስያዛችሁበትን የፍርድ ቤት ደረሰኝም አብራችሁ። ግዴታው ተከብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው በእሱ ነው። ዋናውን ማንም ቢጠይቃችሁ ኮፒውን ስጡ።